ጎማው በአንድ ወገን ብቻ ለምን ያልቃል?

የልጅዎን ጫማ ገልብጠው አይተው ያውቃሉ? አንዳንዱ ልጅ እግሩን ወደ ውስጥ፣ አንዳንዱም ወደ ውጭ እየጣለ ስለሚራመድ ሶሉ በአንድ ወገን ተበልቶ በሌላው ወገን እንደ አዲስ ሆኖ ይገኛል። እናት ይህን ስታይ ጥፋቱ የጫማው ሳይሆን የአረማመዱ መሆኑን ወዲያው ትረዳለች። አዲስ ጫማ ብትገዛለትም አረማመዱ ካልተስተካከለ ያው እንደሚሆን ታውቃለች። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው ጉዳይ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ ጫማው የመኪና ጎማ፣ ተራማጁም የኤሌክትሪክ መኪና መሆኑ ብቻ ነው።

እንደሚታወቀው በጥር ወር 2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ካስታወቀ ወዲህ፣ በከተሞቻችን ጎዳናዎች ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። መኪናው ነዳጅ አይጠይቅም፣ ዘይት አይቀይርም፣ ጭስም የለውም። በዚህ ምክንያት ብዙ ቤተሰብ «ከእንግዲህ ከጋራዥ ተገላገልን» ብሎ ያስባል። ሆኖም መኪናው በኤሌክትሪክም ሄደ በነዳጅ፣ የሚሄደው በጎማ ነው። ጎማውም የሚረግጠው ያንኑ የምናውቀውን መንገድ ነው።

ታሪካቸውን ያጫወቱን ወይዘሮ ገላን ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የሒሳብ ክፍል የሚሠሩ የሦስት ልጆች እናት ናቸው። ገላን ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታና ከለገጣፎ ጋር በ2015 ዓ.ም በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለለች፣ ከአቃቂ አልፎ ወደ ዱከም በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የፋብሪካ ከተማ መሆንዋን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። በዚህ አሮጌ መንገድ ላይ ከሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመጣውና ወደዚያ የሚወርደው ከባድ መኪና ቀንም ሌሊትም አያቋርጥም። ከዋናው መንገድ ወደ ሰፈር ሲታጠፉ ደግሞ ጉድጓዱና ድንጋዩ ይቀበልዎታል።

ወይዘሮዋ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው ከእቁብና ከሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበር ባገኙት ገንዘብ አንድ የቮልስዋገን አይዲ 4 መኪና ገዙ። ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳሉ፣ ባለቤታቸውን ቃሊቲ ይጥላሉ፣ ተመልሰው ወደ ሥራቸው ይገባሉ። ሰባት ወር እንደተጠቀሙበት አንድ ቅዳሜ የኋላ ጎማ ተነፈሰባቸውና ወደ ሰፈራቸው ጎሚስታ ሄዱ። ወጣቱ ጎሚስታ ጎማውን ፈትቶ ገለበጠና ዝም አለ።

«እናቴ፣ በዚህ ጎማ ነው ልጆቹን የሚያመላልሱት?» አላቸው ቆይቶ።

ጎማው ከውጭ በኩል ሲታይ ጥርሱ ሙሉ ነው። በውስጥ በኩል ግን፣ ቆሞ የሚያይ ሰው ፈጽሞ በማያየው ወገን፣ ላስቲኩ አልቆ ሽቦው ብቅ ብሏል። በዚያው ሳምንት እሑድ መላው ቤተሰብ በፈጣን መንገዱ አዳማ ሊሄድ ተሰናድቶ ነበር። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው በዚያ መንገድ ላይ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየተጓዙ፣ ሽቦው የወጣ ጎማ ቢፈነዳ ምን ሊከተል እንደሚችል መናገር አያስፈልግም። «እኔ የፈራሁት ስለ እሑዱ አይደለም፤ ባለፉት ሳምንታት ስንት ጊዜ እንደሄድንበት ሳስብ ነው ጉልበቴ የከዳኝ» ብለውናል።

እዚህ ላይ ጥቂት ማብራራት ይገባናል። የመኪና ጎማዎች እርስ በርሳቸውና ከመንገዱ ጋር የሚይዙት አቅጣጫ በፋብሪካው በልክ የተወሰነ ነው። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ፣ ጠርዝ ሲገጭ ወይም ጎማውን የሚይዙት ክንዶች ጎሚኒና ብሎን ሲላላ ይህ ልክ ይዛነፋል። ልኩን መልሶ ማስተካከሉ በጋራዥ ቋንቋ አላይመንት ይባላል። አላይመንትና ባላንስ ግን ለየቅል ናቸው (እኔም ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት እስከተነሣሁ ድረስ አንድ ነገር ይመስሉኝ ነበር)። ባላንስ ማለት ጎማና ቸርኬ ሲሽከረከሩ ክብደታቸው በዙሪያው እኩል እንዲሆን ትናንሽ ብረት መለጠፍ ነው። መሪዎ በፍጥነት ሲሄዱ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ባላንስን ይጠርጥሩ። መኪናው ወደ አንድ ወገን የሚስብ፣ ቀጥ ብለው እየነዱ መሪው የተጣመመ፣ ወይም ጎማው በአንድ ወገን የሚያልቅ ከሆነ ግን ነገሩ አላይመንት ነው። የእኚህ ወይዘሮ መኪና አልሳበም፣ መሪውም አልተጣመመም ነበር። የተዛነፉት የኋላ ጎማዎች ሲሆኑ ምልክቱ አንዳንድ ጊዜ ጎማው ላይ ብቻ ይታያል።

መዛነፉ ደግሞ በዓይን የሚለይ አይደለም። ከዳር እስከ ዳር 70 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጎማ የፊት ጫፉ ከኋላው ጫፍ በ3 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዞር፣ መኪናው አንድ ኪሎ ሜትር በሄደ ቁጥር ያ ጎማ ከ4 ሜትር በላይ በጎኑ እንደ መጎተት ያህል ይታሻል። ከገላን ቃሊቲ ደርሶ መልስ በቀን ሁለት ጊዜ ሲታሰብ የጎማው ጥርስ የት እንደሚሄድ ይታያል። የሚታሸው ጎማ መኪናውን ስለሚይዘው ቻርጁም ቀድሞ ያልቃል። ወይዘሮዋ በመጨረሻዎቹ ወራት ባትሪው «እየደከመ» መስሏቸው ነበር።

በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ችግሩ የሚጠናው ስለ ምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት ክብደት ነው። እንደ ቢዋይዲ ሲጋል ያለችው ትንሽ መኪና 1200 ኪሎ ግራም ገደማ ብትሆንም፣ ትልቁን ባትሪ የያዘው አይዲ 4 ግን ከ2000 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ከዚህም ውስጥ ባትሪው ብቻ 500 ኪሎ ግራም ይጠጋል። አምስት ኩንታል ጤፍ ወለሉ ሥር አንጥፎ ቀን ከሌሊት እንደ መጓዝ ነው። በዚያ ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር ኃይሉን የሚሰጠው ገና እንደተነኩት በመሆኑ የሚነዱት ጎማዎች ሁልጊዜ ጫናው አለባቸው። አንድ ሞተር ባለው አይዲ 4 የሚነዱት ጎማዎች የኋላዎቹ ናቸው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ጎሚስታው ትርፍ ጎማ አገኘላቸውና «ጎማ ብቻ ቀይረው ዝም እንዳይሉ፤ አላይመንት ያሠሩ» ብሎ ሸኛቸው። ወይዘሮዋ በገላን ዋናው መንገድ ዳር ያሉትን ቢጠይቁ አብዛኞቹ የከባድ መኪና ጎማ የሚሠሩ ሆኑ። አንድ ጋራዥ አገኙና ገቡ። «ኤሌክትሪክ አንነካም፤ ይይዛል» ብለው መለሷቸው።

ይህ ፍርሃት ከንቱ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ያለ ቦታው የገባ ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ከፍተኛ ኃይል የሚያስተላልፉት ገመዶች ማንም እንዲለያቸው ብርቱካንማ ቀለም አላቸው። አላይመንት የሚሠራ ባለሙያ እነርሱን የሚነካበት ምክንያት የለውም። ሥራው ከጎማ፣ ከክንድና ከብሎን ጋር ነው። ስለሆነም ለዚህ ሥራ የግድ የአስመጪውን ጋራዥ ወረፋ መጠበቅ አያስፈልግም፤ አራቱንም ጎማ የሚለካ መሣሪያ ያለው ማንኛውም የግል ጋራዥ ሊሠራው ይችላል።

በሁለተኛው ጋራዥ የገጠማቸው የባሰ ነበር። ሠራተኛው መኪናውን ለማንሣት ክሪኩን ወለሉ መሐል ላይ፣ ማለትም በቀጥታ ባትሪው ሥር፣ ሊያስገባ ሲል ወይዘሮዋ ጮኸው አስቆሙት። «ባለቤትዎ ቢመጡ ይሻል ነበር» አላቸው ሰውየው። «ወንድሜ፣ ባለቤቴ መኪና አይነዳም፤ ብድሩንም የምከፍለው እኔ ነኝ» ብለው መኪናቸውን አስነሥተው ወጡ። ሴት ወደ ጋራዥ ስትገባ ከበስተጀርባዋ ወንድ መፈለግ የቆየ ልማድ መሆኑን ከብዙዎቻችሁ ሰምተናል። እኚህ እናት ግን የሰውየውን አነጋገር ሳይሆን ክሪኩን ነው የሚያነሡት። እውነታቸውን ነው። የባትሪው ሽፋን በክሪክ ቢጎብጥ ጥገናው ከመኪናው ዋጋ ብዙውን ሊወስድ ይችላል። ክሪክ የሚገባባቸው አራት ቦታዎች ከበሮቹ በታች ባለው ጠርዝ፣ ጎማዎቹ አጠገብ ናቸው። የመመሪያው መጽሐፍ በቻይንኛ የተጻፈ ቢሆንም እንኳ ቦታዎቹን በሥዕል ስለሚያሳይ ያንን ገጽ ለባለሙያው ገልጠው ያሳዩት። መኪናው በራሱ ጎማ ወጥቶ የሚቆምበት መወጣጫ ያለው ጋራዥ ካገኙ ደግሞ ይህ ሥጋት በአብዛኛው ይቀልላል።

ሦስተኛው፣ ቃሊቲ አካባቢ ያለ የግል ጋራዥ፣ ኮምፒውተር ያለው መሣሪያ ነበረው። ባለሙያው ከሁሉ አስቀድሞ የአራቱን ጎማ ንፋስ ለካ። ልኩ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል። ቀጥሎ መኪናው ሥር ገብቶ የሚወዛወዝ ነገር እንዳለ እየነቀነቀ ፈተሸ። ይህን ሳያደርግ በቀጥታ ወደ ማስተካከል የሚገባ ጋራዥ ካጋጠመዎ ገንዘብዎን ይያዙ፤ በላላ ክንድ ላይ የተሠራ አላይመንት መጀመሪያ በሚያገኘው ጉድጓድ ይፈርሳል። ፊት ለፊት ብቻ በሲባጎ የሚለካውም ቢሆን ለዚህ ዓይነቱ መኪና አይበቃም፤ የኋላዎቹም መለካት አለባቸው።

ሁለት እንቅፋት ገጠማቸው። የመጀመሪያው፣ ለልኬቱ መኪናው ትንሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መገፋት ሲኖርበት ሾፌሩ ሲወርድ ራሱን በራሱ ፍሬን ይዞ እምቢ አለ። ብዙ የኤሌክትሪክ መኪናዎች እንዲህ ያደርጋሉ። መኪናው በ«ኤን» እንዲቆይ የሚደረግበትን መንገድ ቀድሞ ከሻጩ መጠየቅ ያስፈልጋል። እግረ መንገዳችንን ለማስታወስ፣ ይህ መኪና ድምፅ ስለሌለው ጠፍቷል ሲባል በርቶ ሊሆን ይችላል። ሰው ሥሩ እየሠራ ልጅ መሪው ላይ ተቀምጦ እንዳይጫወት፤ ቁልፉም እርስዎ እጅ ይሁን።

ሁለተኛው እንቅፋት የመኪናው ልክ በመሣሪያው ዝርዝር ውስጥ አለመኖሩ ነበር። በቻይና የተሠሩት ብዙዎቹ ሞዴሎች በቆዩ መሣሪያዎች ላይ አይገኙም። ባለሙያው «በሌላ ተመሳሳይ መኪና ልክ ልሥራልዎ» ቢላቸው ወይዘሮዋ እሺ አላሉም። የሸጠላቸውን ሰው ደውለው የፋብሪካውን ቁጥሮች በስልክ አስላኩና ለባለሙያው ሰጡት። እርሱም ሳይከፋው አስገባቸው። በዚያን ጊዜ ነው የቀኝ የኋላ ጎማ መስመር በቀይ የታየው። አንድ ብሎን በጉድጓድ ምት ከቦታው ተንሸራቶ ኖሯል። ተስተካክሎ ሲጠብቅ ቀዩ አረንጓዴ ሆነ። ሥራው አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም።

ከዚያ በኋላ የቀረው የመሪውን ዜሮ ለመኪናው ኮምፒውተር ማሳወቅ ነው። መሥመር ጠብቆ የሚሄድ ወይም ራሱ ፍሬን የሚይዝ መኪና ከሆነ ይህ አይታለፍም፤ መኪናው ቀጥ ብሎ እየሄደ «ታጥፌአለሁ» ብሎ ሊያስብ ይችላልና። ከዚያ ባለሙያውን አጠገብዎ አስቀምጠው ሜዳ በሆነ መንገድ ላይ ይሞክሩት። አገራችን ከ1956 ዓ.ም ጀምሮ በቀኝ የምትነዳ በመሆንዋና መንገድም ውኃ እንዲወርድ ወደ ዳር ዘንበል ተደርጎ ስለሚሠራ፣ መኪናው በጣም በጥቂቱ ወደ ቀኝ ቢያዘነብል አይደንግጡ።

ከመውጣትዎ በፊት ከማስተካከሉ በፊትና በኋላ ያለውን ልክ የያዘውን ወረቀት ይጠይቁ። ወይዘሮዋ የእርሳቸውን ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ አስቀምጠውታል። ሁለት አዲስ የኋላ ጎማዎች የገዙት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። «የሁለት ጎማ ዋጋ ከወር ደመወዜ ይበልጣል፤ ቅድሚያ ጎማውን ገዝቼ ቢሆን ኖሮ እነርሱንም ይበላቸው ነበር» ብለዋል።

ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ከነዱ በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ መኪናውን አጥፍተው፣ ጉልበታቸው ሥር ጆንያ አንጥፈው፣ እጃቸውን ወደ ውስጠኛው ወገን ሰደው ጎማውን ዳሰሱ። ትልቋ ልጃቸውም አጠገባቸው ተንበርክካ የሌላውን ትዳስስ ነበር። ጥርሱ ከውስጥም ከውጭም እኩል ነው።