ከፕላዝማ ምን ተማርን? ኮምፒውተር ስለገባ ብቻ ትምህርት አይለወጥም

«ፕላዝማ» ስትሏቸው ታላላቆቻችሁ ፈገግ ይላሉ። እስኪ ጠይቋቸው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ተገጠሙ። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ሌሎችም ትምህርቶች በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በአንድ ሰዓት ለመላ አገሪቱ ይተላለፉ ነበር።

ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ላቦራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት ተማሪም ሙከራውን በዓይኑ አይቷል። ችግሩ ግን መምህሩ ሥርጭቱን ማቆምም ሆነ ወደ ኋላ መመለስ አይችልም። ተማሪው ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱ ይመጣል። መብራት ከጠፋማ ትምህርቱ አለፈ ማለት ነው!

ይህ ዛሬ የደብረ ብርሃንና የአንኮበር ተማሪን ምን ያገባዋል? በደንብ ያገባዋል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወረቀት ሌላ በኦንላይንም መሰጠት ጀምሯል። ማውስ ይዞ የማያውቅ ልጅ ከጥያቄውም ከማሽኑም ጋር ይታገላል። በኢንተርኔት ብቻ እንዳንታመን ደግሞ፣ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አንረሳም።

ታዲያ ምን ይሻላል? እኛ ሦስት ነገር እንላለን።

1. መቆጣጠሪያው መምህሩ እጅ ይሁን። አምስት ደቂቃ ቪዲዮ ያሳያል፣ ያቆማል፣ «ገባችሁ?» ይላል፣ ያወያያል። ለዚህ ደግሞ ቀድሞ መሠልጠን ያለበት መምህሩ ነው።

2. ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን እንጠቀም። ኮሊብሪ እና ኪዊክስ የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ትምህርቱ ኔትወርክ ባለበት ደብረ ብርሃን አንዴ ይወርድና በሃርድ ዲስክ አንኮበር ይደርሳል። እዚያ አንድ ኮምፒውተር ለክፍሉ በሙሉ በዋይፋይ ያካፍላል፤ ዳታ አይፈልግም።

3. የኮምፒውተር ክፍሉ አይቆለፍ። ስለ ኪቦርድ ደብተር ላይ ከመጻፍ፣ የባዮሎጂ የቤት ሥራን በኪቦርድ መጻፍ ይበልጣል።

እናንተስ? ፕላዝማው ያልነበረው ማቆሚያ ስልካችሁ ላይ አለ። ቪዲዮውን አቁሙት፣ ጥያቄውን ደብተር ላይ ራሳችሁ ሥሩት፣ ከዚያ መልሱን እዩ። ዝም ብሎ ማየትማ ያው ፕላዝማ ነው።

እናንተ ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮቹ ይሠራሉ ወይስ አቧራ ለብሰዋል? ጻፉልን።