«ነፋስ መውጫ» ወይስ «ነፋስ መምጫ»? ስለ አንድ የአደጋ ጊዜ ስያሜ

የላይ ጋይንቷ ከተማ ስም፣ ንፋስ መውጫ፣ መርዛማ ኬሚካል ሲፈስ ለሚያስፈልግ አንድ ስያሜ መነሻ ሊሆን ይችላል። ጉዳዩ ለአገራችን ሩቅ አይደለም፤ በየመጋዘኑ የተከማቸ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ለቃጠሎ ወደ ፊንላንድ ተልኳል።

በእንዲህ ያለ አደጋ የመጀመሪያው መመሪያ ነፋሱ ከሚነሣበት ወገን መሆን ነው። በ1977 ዓ.ም. በሕንድ፣ በቦፓል ከተማ፣ ከፋብሪካ ያመለጠው ሜቲል አይሶሳያኔት ከአየር የሚከብድ በመሆኑ መሬት ለመሬት በነፋስ እየተነዳ በሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ፈጅቷል።

ይህን ወገን «ነፋስ መውጫ» ልንለው እንችላለንን? «መውጫ» ከ«ወጣ» የተመሠረተ የቦታ ስም ነው። በ«ፀሐይ መውጫ» መነሻን፣ በ«መውጫ በር» ግን ማለፊያን ያመለክታል። ስለዚህ «ወደ ነፋስ መውጫ ሽሹ» የሚል ጽሑፍ አንዱን አንባቢ ወደ ንጹሕ አየር፣ ሌላውን መርዙ ወደሚነፍስበት ይመራዋል። ድርብ ፍች በመዝገበ ቃላት በቍጥር ተለይቶ ይብራራል፤ በበርሜል ላይ ለተለጠፈ ማስጠንቀቂያ ግን የማብራሪያ ጊዜ የለውም።

ስለሆነም የሚከተሉት ይመረጣሉ፦

ነፋስ መምጫ፦ ነፋሱ ወደ ፈሰሰው ኬሚካል የሚመጣበት ወገን፤ ሰው ሊቆምበት የሚገባ።

ነፋስ መሄጃ፦ ነፋሱ መርዙን ይዞ የሚሄድበት ወገን፤ ሰው ሊገኝበት የማይገባ።

ነፋስ አቋራጭ፦ የነፋሱን መንገድ በአግድም የሚያቋርጥ አቅጣጫ። በነፋስ መሄጃ በኩል ያለ ሰው በመርዙ መካከል ሳያልፍ በዚህ ወጥቶ፣ ከዚያ ዞሮ ወደ ነፋስ መምጫ ይደርሳል።