ያውቁ ኖሯል? ሒሳብ በጎልና በሰከንድ

ትዕግሥት አሰፋ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ ማራቶን የጨረሰችበት ሰዓት፣ አበበ ቢቂላ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ካሸነፈበት ሰዓት እንደሚፈጥን ያውቁ ኖሯል? የአበበ 2፡12፡11 ነበር፤ የእሷ 2፡11፡53። በስንት ተቀደመ? ይህን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይጻፉትና ልጆቹ ምን እንደሚመልሱ ይጠብቁ። ከ11 ሰከንድ ላይ 53 አይነሳም፤ ስለዚህ ከደቂቃው መበደር ግድ ነው። የተበደረው ደቂቃ 60 ሰከንድ ይዞ ይመጣል፤ 71 ሲቀነስ 53፣ 18 ሰከንድ።

አንዳንዱ ልጅ ግን 58 ይላል። አይቆጡት። እንደለመደው 100 ተበድሮ፣ 111 ላይ 53 ቀንሶ ነው። ሌላም ይስጡት፦ ትዕግሥት የሰበረችው የኬንያዊቷ ብሪጊድ ኮስጌ ክብረ ወሰን 2፡14፡04 ነበር። ትክክለኛው ልዩነት 2 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲሆን፣ ያው ልጅ 2 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ይላል። በሁለቱም ስህተቱ እኩል 40 ነው፤ 100 ሲቀነስ 60 ማለት ነው። እንዲህ ያለው ልጅ መቀነስ ያውቃል፤ የሳተው ደቂቃ ስንት ሰከንድ እንደሚይዝ ብቻ ነው። አርባዋን ያስተዋለ መምህር ልጁን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያቃናዋል። ዝም ብሎ ኤክስ የሚያደርግበት ደግሞ ለዓመታት ሒሳብ አልችልም ብሎ እንዲያምን ሊያደርገው ይችላል።

አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ መሆኑንስ? በፈረንጆቹ 1960 ነበር፤ ልዩነቱ 8 ዓመት። ውድድሩ በማግስቱ ቢሆን ኖሮ የኛው ዓመት 1953 ይሆንና ልዩነቱ ወደ 7 ይወርዳል። ልጆች ለምን 7፣ ለምን 8 እያሉ ለሚጠይቁት ይህ ጥሩ መልስ ነው።

ሲድኒ፣ መስከረም 1993 ዓ.ም.፦ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 27፡18.20፣ ፖል ቴርጋት 27፡18.29። አሥር ሺህ ሜትር ሮጠው የተለያዩት በ0.09 ሰከንድ ነው። በዚያው ኦሊምፒክ የወንዶች 100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ የተለያዩት በ0.12 ነበር። ከ0.09 እና ከ0.12 የትኛው ይበልጣል? ዘጠኝ ከአሥራ ሁለት ያንሳል ብሎ የመለሰ ልጅ እዚህ ላይ ያገኘዋል፤ ግን 0.9 እና 0.12 ብለው ደግመው ይጠይቁት። አሥርዮሽ የገባውና ያልገባው የሚለየው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ኳስ። የሸዋ ሮቢት ልጅ ቅዳሜ ከዲኤስቲቪ ቤት ሲወጣ የደረጃ ሰንጠረዡን በቃሉ ይዞ ነው። ሰንጠረዡ ላይ ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮችም አሉ፤ ክፍል ውስጥ ብዙዎችን የሚያስቸግሩት እነዚያው ቁጥሮች። ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰበትን የ2005 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ውድድር እንውሰድ፦ ከዛምቢያ 1 ለ 1፣ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0። በይፋት ቆላ ከቤት የማይጠፉት ማሾና ማሽላ እዚህ ይረዱናል። ላስቆጠርነው አንድ ፍሬ ማሾ፣ ለተቆጠረብን ሰባት ፍሬ ማሽላ ጠረጴዛው ላይ ይደርደር። አንድ ማሾ ከአንድ ማሽላ ጋር እየተጣመረ ይነሳ። የሚቀረው ስድስት ማሽላ፣ ስድስት የግብ ዕዳ፣ −6። በ2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ ደግሞ 2 አግብተን 6 ተቆጠረብን፤ አራት ማሽላ ይተርፋል። የሁለቱን ውድድር ዕዳ መደመር ለልጆቹ ይተው፤ −10ን ራሳቸው ያገኙታል። መማሪያ መጽሐፉ ላይ ካለው የቁጥር መስመር በፊት ይህን በእጃቸው ቢያደርጉት እመርጣለሁ፤ መስመሩ ከዚያ በኋላ ይገባቸዋል።

ያ የዛምቢያ ጨዋታ የተደረገው ጥር 13 ቀን ነበር። ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ዋንጫውን ያነሳችውም ጥር 13 ቀን፣ በ1954 ዓ.ም.። ልክ 51 ዓመት።

የ1954ቱ ፍጻሜ መደበኛው 90 ደቂቃ 2 ለ 2 አልቆ፣ በተጨማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 የረታንበት ነው። በግማሽ ፍጻሜውም ቱኒዚያን ያሸነፍነው 4 ለ 2 ነበር። 4 ለ 2 ያለቀ ጨዋታ በእረፍት ሰዓት ስንት ዓይነት ውጤት ሊኖረው ይችላል? የኛ ጎል ከ0 እስከ 4 አምስት አማራጭ፣ የእነሱ ከ0 እስከ 2 ሦስት አማራጭ፤ 5 ሲባዛ በ3፣ አሥራ አምስት። ሠንጠረዥ ሠርተው አንድ በአንድ ይሙሉት።

5,000 ሜትር ሯጮች ለምን ከመጨረሻው መስመር ማዶ እንደሚነሱ ያውቁ ኖሯል? የመሮጫው ዙር 400 ሜትር ነው፤ 5,000 ሲካፈል ለ400፣ 12½ ዙር። ያቺ ግማሽ ናት ማዶ የወሰደቻቸው። 1,500 ሜትር 3¾ ዙር፤ 10,000 ሜትር ድፍን 25።

ቀነኒሳ በቀለ በነሐሴ 1997 ዓ.ም. ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26፡17.53 ሲጨርስ እያንዳንዱን 100 ሜትር በአማካይ 15.8 ሰከንድ ያህል ሮጧል። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ 100 ሜትር በገመድ ይለኩና ልጆቹ በስልክ ሰዓት ይሞክሩት፤ ቆላ ነውና ጸሐይዋ ሳትበረታ በጠዋት። አንዷን መቶ በዚያ ፍጥነት የሮጡ ይኖራሉ። ቀነኒሳ ግን መቶ ጊዜ አከታትሎ ነው የሮጣት።

ማራቶን 42.195 ኪሎ ሜትር ነው። ከሸዋ ሮቢት ደብረ ሲና 35 ኪሎ ሜትር ግድም ስለሆነ፣ ዳገቱን ሁሉ ወጥቶ ደብረ ሲናን ካለፉ በኋላም ገና 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል።

የመጨረሻው ለጎበዞች። ማሸነፍ 3፣ አቻ 1፣ ሽንፈት 0 ነጥብ ነው። ሁለት ጨዋታ ያደረገ ቡድን 0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ወይም 6 ነጥብ ሊኖረው ይችላል፤ 5 ግን በምንም መንገድ አይገኝም። በሦስት ጨዋታ የማይገኘው 8 ነው። በአራትስ? በአሥርስ?