የዴስክቶፕና የሰርቨር ፕሮሰሰሮች፦ ለምርምር ስሌት የትኛው ይሻላል?

የሰርቨር ፕሮሰሰር ከዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ሁልጊዜ ይፈጥናል የሚለው ግምት የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣቸው ራይዘን 9 7950ኤክስ እና ኤፒክ 9654 ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። ሁለቱም ዜን 4 በተሰኘው የኮር ንድፍ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ለዴስክቶፕ የታሰበው ራይዘን 16፣ ለሰርቨር የታሰበው ኤፒክ ደግሞ 96 ኮሮች አሉት።

የራይዘን ኮር እስከ 5.7 ጊጋኸርዝ ሲደርስ የኤፒክ ከ3.7 ጊጋኸርዝ አያልፍም። ስለዚህ በአንድ ኮር ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ በዴስክቶፑ ቀድሞ ይጠናቀቃል።

የሰርቨሩ ብልጫ የሚታየው ሥራው ለብዙ ኮሮች ሲከፋፈል ወይም መረጃው ግዙፍ ሲሆን ነው። ኤፒክ እስከ 6 ቴራባይት ማኅደረ ትውስታ ይቀበላል፤ በ12 ቻናሎችም በሰከንድ ቢበዛ 460.8 ጊጋባይት ያስተላልፋል። የራይዘን 2 ቻናሎች የሚያስተላልፉት 83.2 ጊጋባይት ነው። ሆኖም ሁሉም ኮሮች በሥራ ላይ ሲሆኑ የእያንዳንዱ ኮር ድርሻ በኤፒክ 4.8፣ በራይዘን 5.2 ጊጋባይት ይሆናል። የሰርቨሩ ጉልበት ከኮሮቹ ብዛት እንጂ ከእያንዳንዱ ኮር ብርታት የሚመነጭ አይደለም።

በመሆኑም ተመራማሪው ማሽን ከመምረጡ በፊት ፕሮግራሙ ስንት ኮር በአግባቡ እንደሚጠቀምና ምን ያህል ማኅደረ ትውስታ እንደሚፈልግ መለካት ይኖርበታል።