የኮሌጅ ፊዚክስ አስጠኚ፦ ማን ነው? የት ይገኛል?

ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ የፊዚክስ አስጠኚ መፈለግ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ የሚድ ውጤት ከተለጠፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሴሚስተሩ ተጋምሷል፤ የሌሎቹ ኮርሶች አሳይመንትና ኩዊዝ ተደራርቧል። አስጠኚው የሚጠራውም ለማስተማር ሳይሆን ከመውደቅ ለማዳን ነው። ለሁለተኛ ደረጃ ልጆች አስጠኚ መቅጠር በከተማ ቤተሰብ ዘንድ የቆየ ልማድ ነው፤ አመሻሽ ላይ ከቤት ቤት እየዞረ የሚያስጠና ወጣት አዲስ አበባ ውስጥ ብርቅ አይደለም። የኮሌጁ አስጠኚ ግን ከዚህ ይለያል። የሚፈልገው ተማሪ ከወላጆቹ ርቆ ዶርም ውስጥ ነው። ክፍያው ከኪስ ገንዘቡ ይወጣል። ትምህርቱም እሱ እስኪገባው ቆሞ አይጠብቅም።

በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት፣ ማለትም ፍሬሽማን፣ ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሲመለስ ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ከተመደቡት ኮርሶች አንዱ ጄኔራል ፊዚክስ ነበር። ሞጁሉ በመለኪያና በቬክተር ይጀምራል፤ እንቅስቃሴንና ኃይልን፣ ፈሳሽን፣ ሙቀትን፣ ሞገድንና ብርሃንን ያልፍና ኤሌክትሮማግኔቲዝምና ኤሌክትሮኒክስ ይደርሳል። ይህ ሁሉ በአንድ ሴሚስተር ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች ይኸው ይዘት ብዙውን ጊዜ ሁለት ሴሚስተር ይሰጠዋል። ተማሪው ይዞት የሚመጣው መሠረት ደግሞ የታወቀ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተቀመጡት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ወደ ግቢ የገቡት በሪሚዲያል በኩል ነው። በዚያም ፊዚክስ አለ። ስለዚህ የኮሌጅ ፊዚክስ አስጠኚ ለሰነፍ ተማሪ የሚፈለግ ሰው ተደርጎ መታየት የለበትም። ትምህርት ቤቱ ያላደረሰውን፣ ኮርሱም የማይጠብቀውን ተማሪ ከትምህርቱ ጋር የሚያገናኝ ሰው ነው።

ብዙ ተማሪ «ፊዚክስ አይገባኝም» ይላል። የፈተና ወረቀቱ ሲታይ ግን ስሕተቱ ፊዚክሱ ላይ ላይሆን ይችላል። ተዳፋት ላይ ያለን ዕቃ ክብደት ለሁለት ሲከፍል ሳይን በሚገባበት ኮሳይን አስገብቷል፤ ወይም ሁለት እኩልታ በትክክል ጽፎ አንዱን ፊደል ማስወገድ አቅቶታል። ይህ የሒሳብ ችግር ነው፤ መፍትሔውም የሁለተኛ ደረጃውን ትሪጎኖሜትሪና አልጀብራ መከለስ ነው። ሌላው ሒሳቡን አሳምሮ ይችላል፤ ጥያቄው በእንግሊዝኛ አራት መስመር ሲሆንበት ግን የተሰጠውንና የተጠየቀውን መለየት ያቅተዋል። ለእሱ የሚያስፈልገው ጥያቄውን አፉን በፈታበት ቋንቋ፣ በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ፣ መልሶ እንዲናገር የሚያደርገው ሰው ነው። ሦስተኛዋ ተማሪ ደግሞ ቀመር አትረሳም፣ ሒሳብም አትሳሳትም፤ ነገር ግን ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ የመጨረሻው ከፍታ ላይ ሲደርስ አክስለሬሽኑ ስንት ነው ስትባል «ዜሮ» ትላለች። ዜሮ የሆነው ቬሎሲቲው ነው። የመሬት ስበት ኳሱን ለአፍታም አልለቀቀውም፤ አክስለሬሽኑ ያው 9.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር፣ ወደ ታች ነው። ሦስቱም ከ30 አሥራ አንድ ሊያመጡ ይችላሉ። የሚያሻቸው እርዳታ ግን ለየቅል ነው። ይህን ሳይለይ ዘሎ ምዕራፍ አንድ የሚጀምር አስጠኚ ቢቀር ይሻላል።

የሦስተኛዋ ተማሪ ችግር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ሄስተንስና ባልደረቦቹ ስሌት የሌለበት፣ ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ ብቻ የሚጠይቅ የምርጫ ፈተና አሳተሙ። ጥያቄዎቹ ቀላል ይመስላሉ፤ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ሲፈትኑባቸው ግን ብዙዎቹ ኮርሱን ጨርሰውም እንደሚሳሳቱ አዩ። የሃርቫርዱ መምህር ኤሪክ ማዙር ፈተናውን ለራሱ ተማሪዎች ሲሰጥ አንዷ ተማሪ ጥያቄዎቹን የምትመልሰው እሱ እንዳስተማራቸው ነው ወይስ እሷ ነገሩን እንደምታስበው ብላ ጠይቃዋለች፤ ማዙር ይህን በተደጋጋሚ ተናግሮታል። በአንድ ጭንቅላት ውስጥ ሁለት ፊዚክስ አለ ማለት ነው፤ አንዱ ለፈተና፣ ሌላው ለዓለም። ማዙር ከዚያ በኋላ የክፍሉን አሠራር ለወጠ፤ ጥያቄ ሰጥቶ ተማሪዎቹ እርስ በርስ እንዲከራከሩ ማድረግ ጀመረ። ጥሩ አስጠኚም የሚሠራው ይኸንኑ ነው፤ ሁለቱን ፊዚክሶች ፊት ለፊት ያገናኛቸዋል።

ሌላም ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1981 ሚሼሊን ቺ፣ ፖል ፌልቶቪችና ሮበርት ግሌዘር የፊዚክስ ጥያቄዎችን ለጀማሪ ተማሪዎችና ለፊዚክስ ዶክትሬት ተማሪዎች ሰጥተው የሚመሳሰሉትን በየወገናቸው እንዲመድቡ ጠየቋቸው። ጀማሪዎቹ በሚታየው ነገር መደቡ፦ ተዳፋት ያለበትን ከተዳፋት፣ ስፕሪንግ ያለበትን ከስፕሪንግ። አዋቂዎቹ ግን ጥያቄው በሚፈታበት ሕግ መደቡ፤ ተዳፋቱም ስፕሪንጉም የኢነርጂ አለመጥፋት የሚፈታቸው ከሆነ አንድ ላይ አስቀመጧቸው። ብዙ ተማሪ መቶ ጥያቄ ሠርቶ ፈተና ላይ መቶ አንደኛው አዲስ የሚሆንበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። የተሠራ ዎርክሺት እየበተነ «ይሄን ሸምድዱ» የሚል አስጠኚ ተማሪውን በተዳፋትና በስፕሪንግ ዓለም ያቆየዋል።

ለብቻ በአስጠኚ መማር ምን ያህል ይጠቅማል? ቤንጃሚን ብሉም እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ ለብቻው በአስጠኚ የተማረ አማካይ ተማሪ በተለመደው ክፍል ከሚማሩት 98 ከመቶዎቹን እንደሚበልጥ ጽፎ ነበር። ይህ ቁጥር ዛሬም በየማስታወቂያው ይጠቀሳል፤ ከርት ቫንሌን ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲመረምር ግን ጥቅሙ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ሆኖ አገኘው፤ ሆኖም አነስተኛ አይደለም። ከሁሉ የሚደንቀኝ ቺ እ.ኤ.አ. በ2001 ከባልደረቦቿ ጋር ያሳተመችው ነው። አስጠኚዎች ማብራሪያ መስጠት ተከልክለው ተማሪው ራሱ እንዲናገር ብቻ እንዲገፋፉት ሲደረግ፣ ተማሪዎቹ የተማሩት ሲብራራላቸው ከተማሩት አላነሰም። ተማሪና ወላጅ አስጠኚ ሲመርጡ የሚሉት «በደንብ ያብራራል ወይ?» ነው። መጠየቅ የነበረበት በደንብ ይጠይቃል ወይ ነው።

አሁን የት እንደሚገኝ እንይ። የቅርቡ ሰው ግቢ ውስጥ ያለ ሲኒየር ነው፦ ያንኑ ኮርስ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት የወሰደ የፊዚክስ ወይም የኢንጂነሪንግ ተማሪ። ኮርሱ ገና ስላልራቀው ፍሬሽማኑ የቱ ጋ እንደሚወድቅ ያስታውሳል፤ ይህም ከማስተርስ ዲግሪ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። በየግቢው ያሉ የሃይማኖት ኅብረቶችና ጉባኤዎች ለአዲስ ገቢዎች ቲቶሪያል ያዘጋጃሉ፤ ብዙ ጊዜ በነፃ ነው። በዩኒቨርሲቲዎች የሥርዓተ ፆታ ቢሮዎች በኩል ለሴት ተማሪዎች የሚሰጥ ቲቶሪያልም አለ፤ እዚያ መሄድ ድክመትን ማመን የሚመስላቸው ብዙ እህቶች አሉ፤ አይደለም፣ መብታቸው ነው። አዲስ አበባ ላለ ተማሪ ደግሞ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ የፊዚክስ ድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚገኙበት ግቢ ነው፤ በትምህርት ክፍሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስልክ መለጠፍ ወይም አንድ መምህር ተማሪ እንዲጠቁም መጠየቅ ከማንኛውም ደላላ ይሻላል። የአስጠኚ ኤጀንሲዎችና የቴሌግራም ቻናሎች ሰው ቶሎ ያገናኛሉ፤ ነገር ግን ኤጀንሲው ከአስጠኚው ክፍያ ድርሻ ስለሚወስድ ለተማሪው በሚስማማው ፈንታ በእጁ ያለውን ሊልክ ይችላል። የሚልከውን ሰው ፊዚክሱን በየትኛው ደረጃ እንደተማረ ጠይቁ፤ የ8ኛ ክፍል ሳይንስ የሚያስጠና ሁሉ የኮሌጅ ኤሌክትሮማግኔቲዝም ይችላል ማለት አይደለም።

የመጀመሪያው ቀን የፈተና ቀን ነው፤ ተፈታኙም አስጠኚው ነው። ክፍያው ለአንድ ቀን ብቻ እንደሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ። የተመለሰውን የሚድ ወረቀት ወይም ኩዊዝ ይዛችሁ ሂዱና አስቀምጡለት። አንዳንዱ ወረቀቱን ገፋ አድርጎ መማሪያ ይከፍታል። ሌላው እስክሪብቶ አንሥቶ ጥያቄዎቹን ከላይ እስከ ታች በፍጥነት ይሠራል፤ ተማሪው ራሱን እየነቀነቀ ያያል፣ ሲሠራም ሁሉ ነገር ቀላል ይመስላል፤ ማታ ዶርም ሲገባ ግን ባዶ ነው። የምትፈልጉት ሦስተኛውን ነው። እሱ ወረቀቱን ዝም ብሎ ያነባል፣ የተሳሳተ መስመር ላይ ይቆምና «እዚህ ምን አስበህ ነበር?» ይላል። መልሱን እስከ መጨረሻው ይሰማል። ያለ ሥዕል አይጀምርም፤ በዕቃው ላይ ያሉትን ኃይሎች በሙሉ ቀስት በቀስት ያስሥላል፤ እያንዳንዱን ቀስት «ይህን የሚገፋው ማን ነው?» እያለ ይጠይቃል። ስለ ሊፍት ጥያቄ ሲመጣ፣ ሊፍቱ ወደ ላይ ሲነሣ ውስጡ የቆማችሁበት ሚዛን ንባብ ለምን ከፍ እንደሚል ቀመር ከመጻፉ በፊት በቃል እንድትናገሩ ያደርጋል። መልሳችሁ ትክክል ሲሆንም «ለምን?» ይላችኋል። ያልታወቀው ነገር ሲገጥመው «አይቼው እመጣለሁ» ይላል፣ አይቶም ይመጣል። አንድ ሰዓት ሲያልቅ እስክሪብቶው አብዛኛውን ጊዜ በማን እጅ እንደነበረ አስቡ። በአስጠኚው እጅ ከነበረ ያጠናው እሱ ነው።

ለሁለተኛው ቀን ሁለት ወይም ሦስት ጥያቄ ሰጥቷችሁ ከሄደ፣ ተመልሶም መጀመሪያ እነሱን ካየ፣ ያዙት።

ስለ ገንዘብ ብዙ የሚባል የለም፤ በሰዓት ወይም በወር ይከፈላል፣ ሦስት አራት ሆኖ መጋራትም ይቻላል። ከዚያ ሲበዛ ግን ክፍል ይሆናል፤ የመናገር ተራ የማይደርሰው ተማሪ አስጠኚ የለውም። የሴሚስተሩን በሙሉ አስቀድማችሁ አትክፈሉ። አሳይመንት ሠርቶ ለሚሸጥ፣ ፈተና አውቃለሁ ለሚል፣ ማርክ ራሱ ለሚሰጣችሁ መምህር አትክፈሉ፤ የመጨረሻው ለተማሪውም ለመምህሩም ክብር አይሆንም። ማጥኛ ቦታው ሰው የሚያይበት ይሁን፦ ላይብረሪ፣ ክፍት የመማሪያ ክፍል፣ ላውንጅ። ይህን በተለይ ለሴት ተማሪዎች አጥብቄ እናገራለሁ፤ ሌላ ቦታ ካልሆነ የሚል አስጠኚ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ይቅር።

በአሜሪካ ያሉ ልጆቻችን ሌላ ነገር ማወቅ አለባቸው። እዚያ የኮሌጅ ፊዚክስ ሁለት ዓይነት ነው፦ በአልጀብራ ብቻ የሚሰጥ፣ ለጤና ሳይንስ ተማሪዎች የሚሆንና በካልኩለስ የሚሰጥ፣ ኢንጂነሮች የሚወስዱት። አስጠኚ ስትፈልጉ የትኛው እንደሆነ መጀመሪያ ተናገሩ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ለተመዘገበ ተማሪ ነፃ የማስጠኛ ማዕከል አላቸው፤ ሥራ ውሎ ማታ የሚማር ሰው ለግል አስጠኚ ከመክፈሉ በፊት እዚያ ይግባ።

ከፍሎ ማጥናት ለማይችል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በነፃ የሚገኘው የኦፕንስታክስ «ኮሌጅ ፊዚክስ» መጽሐፍ አለ። ካርል ዊማን የፊዚክስ ኖቤል ባገኘ ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ፌት የሚባል የሲሙሌሽን ስብስብም አለ፤ ከፊሉ በአማርኛ ተተርጉሟል። ላብራቶሪ ገብቶ የማያውቅ ተማሪ ባትሪና አምፖል የሚያገናኝበት ነው። እነዚህ ያሳያሉ፣ ያሠራሉ፤ «ምን አስበህ ነበር?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ግን አሁንም መፈለግ አለበት። ሦስት ጓደኛሞች በየተራ አንዱ እያስረዳ ሁለቱ እየጠየቁ ቢያጠኑ ከመካከለኛ አስጠኚ የማይተናነስ ጥቅም ያገኛሉ።

የመጀመሪያው ኩዊዝ እንደተመለሰ ፈልጉ፤ ሚድን አትጠብቁ። ጄኔራል ፊዚክስን ያለፋችሁ ሲኒየሮች ደግሞ፣ በየዶርማችሁ ያንኑ ሞጁል ይዞ የሚያመሽ ፍሬሽማን አለ። በሳምንት ሁለት ሰዓት ስጡት፤ መልሱን ከመንገራችሁ በፊትም ወረቀቱን አንብቡለት።