ነጋሪት ያልተጎሰመለት ውል

ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን፣ እሳቸው ዚምባብዌ ተቀምጠው ሳለ፣ ከበርካታ የደርግ ባልደረቦቻቸው ጋር በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ አላቸው። ዳኞቹ ፍርዱን የመሠረቱበት ሕግ ከደርግ በኋላ የወጣ አልነበረም። የንጉሡ ዘመን ሕግ ነው፤ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ፣ አንቀጽ 281። ደርግ ንጉሡን አውርዷል፣ ሕገ መንግሥቱን አስወግዷል፣ የራሱን ልዩ የወንጀለኛ መቅጫም አውጥቷል። ይህችን አንቀጽ ግን ከመጽሐፉ አልቀደዳትም። ግድያው ሲፈጸም እሷ በየፍርድ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጣ ነበር።

እንዴት እዚያ እንደገባች ማወቅ ደግ ነው። ኢትዮጵያ ከፋሺስት ወረራ እንደወጣች የወረራውን አዛዦች ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ለፍርድ ለማቅረብ በዓለም መድረክ ብዙ ደክማለች፤ አልሆነላትም። ለየካቲት 12 እልቂት አንድም ሰው ፍርድ ፊት አልቆመም። የተባበሩት መንግሥታት ዘር ማጥፋትን የሚከለክለውን ስምምነት በኅዳር 1941 ዓ.ም. ሲያወጣ፣ በዚያው ዓመት በሰኔ ከአገሮች ሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት። ከስምንት ዓመት በኋላ ስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀው የወንጀለኛ መቅጫ ሲታወጅ ስምምነቱ አገር ቤት ገባ። ሲገባም ሰፍቶ ገባ። ዓለም አቀፉ ስምምነት የሚጠብቀው በብሔር፣ በጎሣ፣ በዘርና በሃይማኖት የሚለዩ ወገኖችን ነው፤ የእኛው ሕግ የፖለቲካ ወገኖችንም ጨመረ።

ይህች ጭማሪ የኋላ ኋላ ሁሉን ነገር ወሰነች። የደርግ ቀይ ሽብር ሰው የፈጀው በዘሩ አልነበረም፤ ኢሕአፓ ነህ፣ መኢሶን ነሽ እየተባለ ነው። ተከሳሾቹ ዓለም አቀፉ ስምምነት የፖለቲካ ቡድንን አይጠብቅም ብለው ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱም አንድ አገር በራሱ ሕግ ከስምምነቱ የሰፋ ጥበቃ ቢሰጥ የሚከለክለው የለም አለ። አንድ ዳኛ የአንቀጿ የፖለቲካ ክፍል በደርግ ሕጎች ተሽሯል ብለው በሐሳብ ተለይተዋል፤ ክርክሩ ቀላል አልነበረም። ዐቃቤ ሕጉ ስምምነቱን ብቻ ይዞ ቢመጣ ኖሮ ግን ክርክሩም ባልኖረ። ስምምነቱ ወንጀሉን ይተረጉማል እንጂ ቅጣቱን አይወስንም፤ እሱን በየአገራችሁ ሕግ ጻፉ ብሎ ይተወዋል።

የሰብዓዊ መብት ስምምነት መንግሥት ለመንግሥት የሚገባው ቃል ነው። የተበደለ ሰው አቤት የሚለው ደግሞ ወረዳው ፍርድ ቤት ነው። «በሕግ አምላክ» ብሎ የተማፀነ ሰው ሕጉ ጄኔቫ ይረቀቅ ኒው ዮርክ ግድ አይሰጠውም። ወንበር ላይ የተቀመጠው ዳኛ ያውቀዋል ወይ? በእጁ አለ ወይ? የእሱ ጥያቄ ይኸው ነው።

«የፈረንጅ ሕግ ምን ያደርግልናል» የሚለው ሙግት አሁንም ይሰማል። የሚገርመው፣ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገር ሕግ ይሁን የሚለውን ሐሳብ ወደ ሕገ መንግሥታችን ያስገቡት ለሉዓላዊነት ይቆረቆሩ የነበሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መሆናቸው ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 122 ኢትዮጵያ የገባችባቸውን ስምምነቶች ከሕገ መንግሥቱ ጋር አጣምሮ የበላይ ሕግ ያደርጋቸው ነበር። ያው መንግሥት ከላይቤሪያ ጋር ሆኖ ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ ሄግ ድረስ ከስሷል። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ፓርቲ ማቋቋም አይቻልም ነበር።

ወረቀት ብቻውን ምን ያህል ዋጋ እንደሌለው ለማየት ደርግን መመልከት ይበቃል። የዘር መድልዎን የሚከለክለውን ስምምነት በ1968 ዓ.ም. ተቀበለ፤ በሚቀጥለው ዓመት የአዲስ አበባ መንገዶች በሬሳ ተሞሉ። በሴቶች ላይ የሚደርስ መድልዎን የሚያስወግደውን ስምምነት በ1973 አጸደቀ፤ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያድነው የወንጀለኛ መቅጫ አንቀጽ ግን እስከ 1997 ድረስ ቆየ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይህን ክፍተት ለመድፈን የተሻለ ቃል አለው። አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸውን ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ያደርጋል። አንቀጽ 13 ደግሞ የመብት ድንጋጌዎቹ ከተቀበልናቸው ዓለም አቀፍ ሰነዶች ጋር ተጣጥመው እንዲተረጎሙ ያዛል። ችግሩ የመጣው ከጋዜጣው ነው። በነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት ፍርድ ቤቶች ያለ ማስረጃ ማወቅ ያለባቸው በጋዜጣው የወጣውን ሕግ ነው። ስምምነቶቹን የሚያጸድቁት አዋጆች ግን ባብዛኛው ጥቂት መስመር ናቸው። የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 10/1984 ጸደቀ ተባለ፤ 54ቱ አንቀጾች ጋዜጣው ላይ የሉም። በድሮው ልማድ ነጋሪት ጎስመው፣ ገበያ መሐል ቆመው፣ አዋጁን ሳያነቡ እንደ መመለስ ነው።

ሆኖም ጥቅምት 26 ቀን 2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ውሳኔ አለ። ጉዳዩ ከደቡብ ክልል የመጣ ነው። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ አሳድጋዋለች፤ አባት ልጄን ስጡኝ ብሎ ከሰሰ። የክልሉ ፍርድ ቤቶች በሕይወት ያለ ወላጅ ሞግዚት ነው የሚለውን የቤተሰብ ሕግ ይዘው ለአባት ፈረዱ። ሕጉን ላነበበ ሰው ስህተት አይታየውም። ሰበር ግን የሕፃናት መብቶች ስምምነትን አንቀጽ 3 አነሣ፤ ሕፃንን በሚመለከት ጉዳይ ሁሉ ቀዳሚው የሕፃኑ ጥቅም ነው የሚለውን። ይህንኑ የሚለውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ጨምሮ የሥር ፍርዱን ሻረው፤ ልጁ አሳዳጊው ዘንድ ቀረ። ሰበር የስምምነቱ ጽሑፍ በጋዜጣ ታትሟል አልታተመም በሚለው አልታሰረም። የሰበር ትርጉም በአዋጅ ቁጥር 454/1997 የሥር ፍርድ ቤቶችን ያስገድድ ስለነበር፣ በአንድ ልጅ ጉዳይ የተነገረው በየወረዳው ለሚመጣ የሞግዚትነት ክርክር ሁሉ መንገድ ከፈተ። ለእኔ ከብዙ የስብሰባ መግለጫ ይህ አንድ መዝገብ ይበልጥብኛል።

በአገር ውስጥ መፍትሔ ያጣ ሰው የሚሄድበት መንገድ ረጅም ነው። በ1993 ዓ.ም. የተጠለፈችና የተደፈረች የ13 ዓመት ልጅ ጉዳይ በአገር ቤት ፍርድ ቤቶች ወደቀ፤ ባንጁል የሚገኘው የአፍሪካ ሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ኢትዮጵያ ግዴታዋን አልተወጣችም ብሎ የ150,000 ዶላር ካሣ እንዲከፈላት የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ልጅቱ በዚያን ጊዜ ሙሉ ሴት ሆናለች። ሌሎች ዋና ዋና በሮች ደግሞ ዝግ ናቸው፦ ኢትዮጵያ የአፍሪካ ፍርድ ቤትን ፕሮቶኮል አላጸደቀችም፤ ግለሰቦች ለተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ አቤት እንዲሉ የሚፈቅደውን ፕሮቶኮልም አልተቀበለችም። እንግሊዞች እንኳ ስትራስቡርግ ወዳለው የአውሮፓ ፍርድ ቤት መመላለሱ ሰልችቷቸው የአውሮፓን የሰብዓዊ መብት ስምምነት በ1998 እ.ኤ.አ. በራሳቸው ሕግ ጽፈውታል።

ስለ አስቸኳይ ጊዜ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ ሊነኩ የማይችሉትን ይቆጥራል፦ የመንግሥቱን ስያሜ፣ ከኢሰብዓዊ አያያዝ መጠበቅን፣ እኩልነትን፣ የራስን ዕድል በራስ መወሰንን። በሕይወት የመኖር መብት ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። የአገሪቱ ስም በአዋጅ አይነካም፤ የዜጋው ነፍስ ግን ጥበቃው አልተጻፈላትም። ያለችው በ1985 ዓ.ም. በተቀበልነው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 4 ውስጥ ነው፤ እሱ ሕይወትን፣ ከባርነት መጠበቅንና የእምነት ነፃነትን በምንም ምክንያት አታግዱ ይላል። ከ2009 ወዲህ፣ በ2010፣ በ2014 እና በ2015 ጭምር፣ አስቸኳይ ጊዜ ደጋግሞ ታውጇል። በእነዚያ ወራት ስለ ነፍሱ የሚሟገት ሰው ሕገ መንግሥቱን ከቃል ኪዳኑ ጋር ካላነበበ የያዘው ጎዶሎ መጽሐፍ ነው።

ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል የሚለው ጥያቄ ከብሔራዊ ምክክሩ ጋር ገፍቶ መጥቷል። ሙግቱ አንቀጽ 39 ላይ፣ ባንዲራው ላይ፣ የክልል ወሰን ላይ ነው። አንቀጽ 9 ንዑስ 4ን የሚያነሣ እምብዛም ነው፤ ማንም ያልጠበቀው ዕቃ ደግሞ በግርግር መሐል ይጠፋል።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. መንግሥት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። ባለፉት ዓመታት ጦርነቶች ስለደረሰው ግፍ ክስ ለማቅረብ የሚነሣ ዐቃቤ ሕግ የ1996ቱን የወንጀል ሕግ ሲገልጥ ዘር ማጥፋትን በአንቀጽ 269፣ የጦር ወንጀልን በ270 ያገኛል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 በይርጋ አይታገድም የሚለው በስብዕና ላይ የሚፈጸም ወንጀል ግን በወንጀል ሕጉ ውስጥ ራሱን ችሎ አልተጻፈም። የ1949ኙ ዘመን ሰዎች ለአንቀጽ 281 ያደረጉትን ለዚህኛው ያደረገ የለም። አሁን ቢጻፍ፣ አንቀጽ 22 የወንጀል ሕግ ወደ ኋላ እንዳይሠራ ይከለክላል። መውጫ የሚፈልግ የሕግ ባለሙያ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳኑን አንቀጽ 15 ሊይዝ ይችላል፤ ድርጊቱ ሲፈጸም በዓለም ማኅበረሰብ ዘንድ ወንጀል ከነበረ መክሰስ አይከለከልም ይላልና። ያ ቃል ኪዳን የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ሙሉ ቃሉ በነጋሪት ጋዜጣ አልታተመም።