ጎማና ጉልበት፦ ቸርኬ ሳይጫር ጎማ የመቀየር ፊዚክስ

ከመቱ ተነሥቶ ወደ በደሌ የሚጓዝ መንገደኛ ያዮ ከመድረሱ በፊት ሁሩሙን ያገኛል። የኢሉባቦር መንገድ በቡና ደንና በዝናብ የታጀበ ቢሆንም ለተሽከርካሪ ጎማ ብዙ ርኅራኄ የለውም። ስለዚህም እንደ ሁሩሙ ባሉ ከተሞች ከሻይ ቤቱና ከሱቁ ጎን ጎሚስታ አይጠፋም። አንድ የክረምት ቀን ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ስንጓዝ የጎማ ነፋስ መቀነሱን የሚያመለክተው መብራት በራና ሁሩሙ ላይ ቆምን።

ወጣቱ ጎሚስታ ጎማውን እያዞረ ቢመረምር ሚስማር አላገኘም። በሳሙና ውኃ ሲያርሰው ግን ጎማውና ቸርኬው ከሚጋጠሙበት ቦታ ጥቃቅን አረፋ ይወጣ ጀመር። በዚያው ቦታ የቸርኬው ጠርዝ ላይ የቆየ ጭረት ነበር፤ ከወራት በፊት በሌላ ከተማ ጎማው ሲቀየር በብረት የተጫረ ነው። ከጉዟችን ያስተጓጎለን እንግዲህ የመንገዱ ድንጋይ ሳይሆን ያለ ጥንቃቄ የተሠራ የጎማ ቅያሪ ነበር።

ጎሚስታው ከእኛ በፊት የአንድ ሚኒባስ ጎማ በጉልበቱ ተጭኖ በቀላሉ ሲያወጣ አይተነው ነበር። የእኛን ሲሞክር ግን ቀና ብሎ፣ «ዶክተር፣ ይሄ ጎማ ጉልበት አይሰማም» አለኝ። ጎማው ራን ፍላት የሚባለው፣ ነፋሱ ቢያልቅም ለጥቂት ጊዜ መሄድ የሚችል ዓይነት ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የወጣቱን አባባል በፊዚክስ መፍታት ነው። ተራው ጎማ ጉልበት የሚሰማው ለምንድን ነው? ራን ፍላትስ ለምን አይሰማም? ቸርኬው የሚጫረውስ መቼ ነው?

የማይለጠጥ ቀለበት

ብዙ ሰው ጎማ ከላስቲክ ብቻ የተሠራ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ቸርኬውን አቅፎ በሚይዘው የጎማ ጠርዝ ውስጥ ከአረብ ብረት ሽቦ የተጠቀለለ ቀለበት ተቀብሯል። ይህን ጠርዝ በዚህ ጽሑፍ «ከንፈር» እንለዋለን። ጎማው በነፋስ ተሞልቶ ሲወጠር ከቸርኬው ላይ ዘልሎ እንዳይወጣ የሚያደርገው ይኸው ቀለበት ነው። ሽቦው ግን 1 ከመቶ ያህል እንኳ ሲለጠጥ ቅርጹ ለዘለቄታው መበላሸት ይጀምራል። ስለዚህ ለሥራችን የማይለጠጥ ቀለበት ነው ብንል አንሳሳትም።

እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ ይነሣል። ቸርኬው በሁለቱም ወገን ከፍ ያለ ጠርዝ አለው፤ ይህን «ክፈፍ» እንበለው። የክፈፉ ዲያሜትር ከከንፈሩ ዲያሜትር ይበልጣል። ባይበልጥማ ጎማው በየማዞሪያው በወለቀ ነበር። ታዲያ የማይለጠጥ ትንሽ ቀለበት ከእርሱ የሚሰፋውን ክፈፍ እንዴት ይሻገራል?

መልሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። ጆን ቦይድ ደንሎፕ በነፋስ የሚሞላውን ጎማ በ1888 በስሙ ካስመዘገበ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እንግሊዛዊው ቻርልስ ኪንግስተን ዌልች ሽቦ ያለው ከንፈርና መካከሉ ጎድጎድ ያለ ቸርኬ በአንድነት አስመዘገበ። ዛሬ በብስክሌትም ሆነ በቤት መኪና ላይ የምናየው ጎማ በመሠረቱ የእርሱን ሐሳብ የተከተለ ነው።

ጎድጓዳው ምን ይሠራል?

ለምሳሌ ባለ 16 ኢንች ቸርኬ እንውሰድ። ከንፈሩ የሚያርፍበት መቀመጫ ዲያሜትር 406 ሚሊ ሜትር፣ ሬዲየሱም 203 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክፈፉ ከመቀመጫው በ17 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ሬዲየሱ 220 ይሆናል። በመካከል ያለው ጎድጓዳ ደግሞ ከመቀመጫው በ18 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ቢል ሬዲየሱ 185 ነው።

ጎሚስታው ከንፈሩን በአንድ ወገን በክፈፉ ላይ ማሻገር ሲጀምር በተቃራኒው ወገን ያለው ከንፈር የት ነው? ሁለት አጋጣሚዎች አሉ።

በመጀመሪያው አጋጣሚ ተቃራኒው ከንፈር መቀመጫው ላይ እንደተቀመጠ ቀርቷል። ከዚያ እስከ ወዲህኛው ክፈፍ ጫፍ ያለው ርቀት 203 + 220 = 423 ሚሊ ሜትር ነው። ቀለበቱ ግን 406 ብቻ ነው፤ 17 ሚሊ ሜትር ይጎድለዋል። ይህን ለማሟላት ሽቦውን 4 ከመቶ መለጠጥ ያስፈልጋል፤ ሽቦው ሳይበላሽ ይህ አይሆንም።

በሁለተኛው አጋጣሚ ተቃራኒው ከንፈር ወደ ጎድጓዳው ወርዷል። አሁን ርቀቱ 185 + 220 = 405 ሚሊ ሜትር ነው። ቀለበቱ 406 ስለሆነ በአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት ያልፋል።

የጎማ ቅያሪ ምሥጢር በሙሉ በዚህች ቀላል ስሌት ውስጥ ይገኛል። ጎሚስታው በጉልበቱ የሚጫነው ጎማውን ለማሸነፍ አይደለም። ብረቱን ከሚያስገባበት በተቃራኒ ያለውን ከንፈር ወደ ጎድጓዳው እያወረደ ነው። ስሌቱን በወረቀት አልሠራው ይሆናል፤ ጉልበቱ ግን ያውቀዋል።

መፈንቅልና ግፊት

ከንፈሩ ጎድጓዳው ውስጥ ካልገባ ምን ይሆናል? ልምድ የሌለው ሰው ረዘም ያለ ብረት ያመጣል። በትምህርት ቤት እንደተማርነው መፈንቅል ኃይልን ያባዛል። ከመደገፊያው እስከ እጅ 50 ሴንቲ ሜትር፣ ከመደገፊያው እስከ ጫፉ 2.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ብዜቱ 20 ነው። ሠራተኛው በ300 ኒውተን ቢጫን ጫፉ ላይ 6,000 ኒውተን ይደርሳል፤ ይህም 600 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነገር ክብደት ያህል ነው። የብረቱ መደገፊያ ደግሞ ሌላ ሳይሆን የቸርኬው ክፈፍ ነው። ከንፈሩን የሚያነሣውን ኃይል ያህል በክፈፉም ላይ ያርፋል።

ጉዳቱን የሚወስነው ግን ኃይሉ ብቻ ሳይሆን ያረፈበት ስፋት ጭምር ነው። የብረቱ ጠርዝ 20 ሚሊ ሜትር ርዝመትና ግማሽ ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው መሥመር ላይ ቢያርፍ ስፋቱ 10 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። 6,000 ኒውተን ለ10 ሲካፈል ግፊቱ 600 ሜጋ ፓስካል ይሆናል። የመኪና ቸርኬ የሚሠራበት የአሉሚኒየም ቅይጥ በ200 ሜጋ ፓስካል አካባቢ ቅርጹን ለዘለቄታው መለወጥ ይጀምራል። ስለዚህ ምልክቱ አይቀሬ ነው። ያው ኃይል 20 በ20 ሚሊ ሜትር በሆነ የፕላስቲክ ወይም የወፍራም ላስቲክ ቁራጭ ላይ ቢሰራጭ ግን ግፊቱ ወደ 15 ሜጋ ፓስካል ይወርዳል። ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠች ቁራጭ ውድ የሆነውን ቸርኬ የምታድነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሳሙናም የራሱ ድርሻ አለው። ደረቅ ላስቲክ በብረት ላይ ሲንሸራተት ሰበቃው ከፍተኛ ነው፤ የሳሙና ውኃ በብዙ እጥፍ ይቀንሰዋል። ውኃው ከደረቀ በኋላ ሰበቃው ተመልሶ ጎማው በቸርኬው ላይ ይጸናል። ግራሶና ናፍጣ ግን አይደርቁም፤ የተፈጥሮ ላስቲክንም ያሳብጣሉ። ስለዚህ ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

ጭረት የመልክ ጉዳይ ብቻ ነውን?

አንዳንድ ሰው «ጭረት ምን ያደርጋል? ለመልክ እንጂ» ይላል። እኛን ሁሩሙ ላይ ያስቆመን ጭረት ግን ከመልክ ያለፈ ጉዳት ነበረው። ጭረቱ ከክፈፉ አልፎ መቀመጫውን ሲነካ ለነፋስ ማምለጫ ቦይ ይሆናል። ቀለሙ ከተላጠ ደግሞ እንደ ኢሉባቦር ባለ ዝናባማ አካባቢ ውኃና ጭቃ ወደ ብረቱ ይደርሳሉ። በአሉሚኒየም ላይ የሚፈጠረው ነጭ ዝገት ከቀለሙ ሥር እየተስፋፋ መቀመጫውን ሻካራ ያደርገዋል፤ ከንፈሩም አጥብቆ መግጠም ይሳነዋል።

ሁለተኛው አደጋ የብረት ድካም ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ኢንግሊስ እ.ኤ.አ. በ1913 እንዳሳየው ስለት ያለው ስንጥቅ ወይም ጭረት በጫፉ ላይ ጫናን ያከማቻል። ጥልቀቱ 0.4፣ የጫፉ ሬዲየስ 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነ ጭረት በእርሱ ቀመር መሠረት ጫናውን 5 እጥፍ ያደርሰዋል። የመኪና ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ 500 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ጫናውም በየዙሩ ይደጋገማል። በ100 ኪሎ ሜትር ጉዞ 50,000 ጊዜ መሆኑ ነው። ጭረት ሁሉ ስንጥቅ አይሆንም፤ ስንጥቅ ግን ብዙውን ጊዜ ከጭረት ይጀምራል።

ጉልበት የማይሰማው ጎማ

ወደ ራን ፍላት እንመለስ። ተራ ጎማ መኪናውን የሚሸከመው በውስጡ ባለው ነፋስ ነው። ነፋሱ ሲያልቅ ጎኑ ይታጠፍና ቸርኬው መሬት ይደርሳል። ራን ፍላት ግን ጎኑ በወፍራም ላስቲክ ስለተጠናከረ ያለ ነፋስም ሸክሙን ይችላል። አምራቾች በአብዛኛው የሚፈቅዱት በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ሳይበልጥ 80 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲሄድ ነው። ከመቱ እስከ በደሌ ያለው መንገድ ከ100 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ፣ መቱ ላይ ነፋሱ ያለቀበት ጎማ በደሌ ሳይደርስ የተፈቀደለት ርቀት ያበቃል። ራን ፍላት ያላቸው ብዙ መኪኖች ስኮርታ ጎማ አለመያዛቸው ችግሩን ያባብሰዋል።

ለጎሚስታው አስቸጋሪ የሚሆነውም ይኸው የጎኑ ውፍረት ነው። አንድ ሰሌዳ ለመታጠፍ የሚያሳየው እምቢታ በውፍረቱ ኩብ ያድጋል። ውፍረቱ 2 እጥፍ ቢሆን እምቢታው 8 እጥፍ፣ 3 እጥፍ ቢሆን 27 እጥፍ ይሆናል። ጎኑ ካልታጠፈ ከንፈሩ ወደ ጎድጓዳው አይወርድም፤ ወርዶም በአንድ ሰው ጉልበት እዚያው አይቆይም። ይባስ ብሎ የብዙ ራን ፍላት ቸርኬ ከመቀመጫው አጠገብ ከፍ ያለ ጉብታ አለው፤ ነፋስ ባይኖርም ከንፈሩ እንዳይወልቅ የሚጠብቅ ነው። ስለዚህ ከንፈሩ በመጀመሪያ ጉብታውን መሻገር አለበት። «ጉልበት አይሰማም» የተባለው በሁለቱም ትርጉሙ እውነት ነበር።

ሁሩሙ ላይ ምን ተደረገ?

እኛ ጎማውን በሙሉ ማውጣት አላስፈለገንም፤ የተጫረውን መቀመጫ ለመድረስ አንዱን ከንፈር ማሻገር በቂ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስለወጣች ጎሚስታው ጎማውን ጥቂት ጊዜ ፀሐይ ላይ አቆየው። ላስቲክ ሲሞቅ ስለሚለሰልስ ይህ ትክክለኛ እርምጃ ነበር። ከዚያም ከንፈሩን ዙሪያውን በሳሙና አራሰ። ባልደረባዬ በአንድ ጎን፣ እኔ በሌላው ጎን በእንጨት ቁራጭ ተጭነን ከንፈሩን ጎድጓዳው ውስጥ ያዝንለት። እርሱም የከመነዳሪ ቁራጭ ክፈፉ ላይ አንጥፎ ብረቱን በየጥቂት ሴንቲ ሜትሩ አስገባ። ከንፈሩ ያለ ትግል ወጣ፤ አዲስ ጭረትም አልተፈጠረም። መቀመጫውን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ካጸዳው በኋላ አረፋው ቆመ።

የተሻለው መሣሪያ ግን ጫፉ በፕላስቲክ የተሸፈነና ከንፈሩን ወደ ጎድጓዳው የሚጫን ረዳት ክንድ ያለው ማሽን መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። የረዳት ክንዱ ተግባር ከእኛ የእንጨት ቁራጭ የተለየ አይደለም።

ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ነጥቦች

1. ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነፋሱ ሙሉ በሙሉ ይውጣ።

2. ጎድጓዳው በአብዛኛው ወደ አንዱ የቸርኬ ወገን ያደላል። ጎማው መውጣትም ሆነ መግባት ያለበት ጎድጓዳው በሚቀርብበት በኩል ነው።

3. ብረቱ በቫልቩ አጠገብ አይግባ። ራን ፍላት ባላቸው መኪኖች ላይ የነፋስ መለኪያው ብዙውን ጊዜ ከቫልቩ ጋር የተያያዘና በቀላሉ የሚሰበር ነው።

4. ብረቱ ሲከብድ ረዘም ያለ ብረት አይፈለግ። መክበዱ ተቃራኒው ከንፈር ከጎድጓዳው መውጣቱን የሚናገር ምልክት ነው።

5. ያለ ነፋስ የተነዳ ራን ፍላት ውስጡ ሳይመረመር ተመልሶ አይነፋ። የጎኑ ላስቲክ በሙቀት ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

6. ከንፈሩን በመቀመጫው ለማስገጠም ሲነፋ ከ40 ፒ.ኤስ.አይ. ማለትም ከ2.75 ባር አይለፍ። የጎማው አንድ ጎን 0.15 ካሬ ሜትር ስፋት ቢኖረው በዚህ ግፊት ከ4 ቶን ክብደት የማያንስ ኃይል ያርፍበታል። ካልገጠመ ነፋሱ ወጥቶ እንደገና በሳሙና ይሞከር። በሚነፋበት ጊዜ ማንም ሰው በጎማው ላይ ማጎንበስ የለበትም። ተነጣይ የብረት ቀለበት ባላቸው የከባድ መኪና ቸርኬዎች ላይ ይህ ጥንቃቄ የሕይወት ጉዳይ ነው።

አንባቢው ይህን ሁሉ በብስክሌት ጎማ ሊሞክረው ይችላል። ነፋሱን አውጥቶ፣ በአንድ ወገን ያለውን የጎማ ጠርዝ በጣቱ ወደ ቸርኬው መካከል እየገፋ፣ ዙሪያውን ይዙር፤ ትርፉን በተቃራኒው ወገን ይሰብስብ። ብዙ ጎማ ያለ ምንም ብረት በእጅ ይወጣል። ጠርዙን ሳይገፋ ቢሞክር ግን ጥፍሩን ያሳምማል። በሁለቱ ሙከራዎች መካከል የሰውየው ጉልበት አልጨመረም፤ የተለወጠው የቀለበቱ ቦታ ብቻ ነው።